የአንካሳዋ ዝይ ጌቶች

ባለፈው ማክሰኞ ግራንት ፒንችቤክ እቤቴ መጣ። የመንደራችን የቅርስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ስኬልድባይ ከቤተ ክርስቲያኗ ማማና ከአንድ የአውቶቡስ መጠለያ በቀር ቅርስ የሚባል ነገር የላትም፤ ኮሚቴ ግን አላት። ጫማውን ሳይጠርግ ገብቶ ሶፋዬ ላይ ተንሰራፋና፣ «አንካሳዋ ዝይ» የምትባለው መጠጥ ቤት በነበረችበት ቦታ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ሊያቆሙ መሆኑን አበሰረኝ። ቤቷ ከፈረሰች ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ዛሬ በቦታዋ በኤሌክትሪክ የሚከፈት የግቢ በር ያላቸው ሦስት ቤቶች ቆመዋል፤ የሚኖሩባቸው ሰዎች ከመኪናቸው ወርደው ለጎረቤት ሰላምታ ሲሰጡ አይቼ አላውቅም።

«መምህርት ማቪስ፣ እርስዎ እኮ የመንደሩ ማኅደር ነዎት» አለኝ። ሰው ሲፈልገኝ እንዲህ ነው የሚለኝ። «ሞቅ ያለች፣ ፈገግ የምታሰኝ የልጅነት ትዝታ ይጻፉልን። ግማሽ ገጽ ትበቃለች።»

ከዚያ ሰሌዳው ላይ የሚሰፍረውን የባለቤቶች ስም ዝርዝር አሳየኝ። አምስት ስም፤ አምስቱም ፒንችቤክ፣ አምስቱም ወንድ። አራተኛው አምብሮዝ ነው። አምስተኛው የራሱ የግራንት አያት ሴፕቲመስ ሲሆን፣ ከስሙ ጎን «የመጨረሻው ደግ አስተናጋጅ» የሚል ተጽፎበታል።

«ኬዛያስ?» አልኩት።

«የቷ ኬዛያ?» አለኝ።

ሻይ አላቀረብኩለትም። ግማሽ ገጹንም አልጻፍኩለትም። የምጽፈው ይሄንን ነው፤ ሰሌዳ ላይ የሚሰፍር አይመስለኝም።

*

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ እኔ ደግሞ ዘጠኝ። እናቴ በድንች ማሳ የቀን ሥራ ትውል ስለነበር ከትምህርት ቤት ስወጣ የሚቀበለኝ ሰው አልነበረም። አባቴ ሲሪል ዶብስ ትራክተር ጠጋኝ ነበር። ጋራዡ ልጅ የሚውልበት ቦታ አይደለም ይል ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ወንዶቹ እዚያ የሚያወሩትን ልጅ መስማት አልነበረበትም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ፣ መጠጥ ቤቶች ሁሉ በሕግ በራቸውን ዘግተው በሚያርፉባቸው ሰዓታት፣ የአንካሳዋ ዝይ ወጥ ቤት ውስጥ ከእትዬ ኬዛያ ጋር እቀመጣለሁ።

የቤቱ ጌታ ጋሽ አምብሮዝ ነበር። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማውቀው፤ ስሙም ከመግቢያው በላይ በነጭ ቀለም ተጽፏል። ትልቅ ሰው ነበር፣ በወርዱም በስሙም። ከምድጃው ጎን ባለ ሰፊ ወንበር ላይ፣ የሰዓቱን ሰንሰለት ሆዱ ላይ አጋድሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ አባቴን ልጠራ ሄጄ በበሩ ስንጥቅ ሳይ፣ የሚገባውም የሚወጣውም ሰው እሱን ነው የሚያነጋግረው።

«አምብሮዝ፣ ዛሬ ቢራህ ግሩም ነው!» ይሉታል።

እሱም ዓይኑን ሳይገልጥ ራሱን በትሕትና ነቅነቅ ያደርጋል። እኔ ታዲያ ቢራውን ግሩም የሚያደርገው በሐሳቡ ነው ብዬ አምን ነበር። ዓይኑን የሚጨፍነው ምድር ቤት ላሉት በርሜሎች ትእዛዝ ሊያስተላልፍ ይመስለኝ ነበር።

ኬዛያን የቤቱ ሠራተኛ አድርጌ ነበር የማያት። ቀጭን ናት፤ እጅጌዋ ሁልጊዜ እንደተጠቀለለ ነው፤ እጆቿ ከሶዳና ከቀዝቃዛ ውሃ ብዛት ቀልተዋል። ሥጋ በሊጥ ትጠቀልላለች፤ ሽንኩርት በኮምጣጤ ትዘፈዝፋለች፤ ብርጭቆ ታጥባለች፤ ደግሞ ታጥባለች። በየመሐሉ በጠባቡ ደረጃ ወደ ምድር ቤት ትወርዳለች። አንድ ቀን ተከትያት ወረድኩ። በእንጨት መዶሻ በርሜሉን ቀስ አድርጋ መታ መታ አደረገችና ጆሮዋን ለጠፈችበት።

«ገና ነው፤ አልተኛም» አለች።

ሴትየዋ ለየላት ብዬ ሮጬ ወጣሁ። አምብሮዝን የመሰለ ሰው ከበርሜል ጋር የምታወራ ሚስት ስለደረሰችው አዘንኩለት። ቢራ ሕይወት ያለው ነገር እንደሆነ፣ ከጋሪ ሲወርድ እንደሚናወጥና እስኪረጋ በትዕግሥት መጠበቅ እንዳለበት፣ በበጋ በርሜሎቹን በረጠበ ጆንያ መሸፈን፣ ቧንቧዎቹን በየሰኞው ማጠብ እንደሚያስፈልግ የተረዳሁት በጣም ቆይቼ ነው። አምብሮዝ ምድር ቤት ወርዶ አያውቅም ነበር። ለደረጃው ሆዱ አይበቃውም።

ማለቴ ደረጃው ለሆዱ አይበቃም። በንዴት ስጽፍ ቃላት ይገለባበጡብኛል።

ከወጥ ቤቱ ጥግ አንድ የሸክላ ጋን ነበረ። ኬዛያ ሥራዋን ጨርሳ ስትቀመጥ፣ ከጋኑ በቆርቆሮ ኩባያ ትቀዳልኛለች። አረፋው ፍልቅ ብሎ እስከ አፍንጫዬ ይደርሳል። ስውጠው ጉሮሮዬን ያቃጥለኛል፤ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ይሞቃል።

«ምንድን ነው?» አልኳት በመጀመሪያው ቀን።

«ብርቱው ነው» አለችኝ ኮስተር ብላ። «ለብርቱዎች ብቻ ነው የሚቀዳው። ለማንም እንዳትናገሪ።» ከዚያ በአንድ ዓይኗ ጠቀሰችኝ።

ጥቅሻ ማንበብ አላውቅም ነበር። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴ የሚጠጣውን ቢራ እየጠጣሁ ነው። በክፍላችን ካሉት ልጆች፣ ከዚያ ጉረኛ ከወፍጮ ቤቱ ልጅ ጭምር፣ ቢራ የምጠጣው እኔ ብቻ ነኝ።

ያን ቀን እየተንገዳገድኩ ነው እቤቴ የገባሁት። አስመስዬ አልነበረም፤ እግሬ እውነት ከድቶኝ ነበር። ዘፈንኩ። የዶሮዎቹን በር ከፍቼ ንግግር አደረግኩላቸው። አባቴ መጣና አገጬን ይዞ «አፍሽን ክፈቺ እስቲ» አለኝ። አሸተተኝ። ከዚያ በሳቅ ተንከተከተ፤ ዘይት በነካው እጅጌው እንባውን እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ።

«ነይ ጉድ እዪ! ልጅሽ ጥንብዝ ብላለች!» አላት እናቴን።

በማግስቱ ጋራዥ ለመጣው ሁሉ ተረከላቸው። እነሱም ሳቁ። እኔ እዚያ ቆሜ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ሳቃቸውን እንደ ሜዳልያ ተቀበልኩት።

*

ጋሽ አምብሮዝ የሞተው ቅጠሉ ረግፎ ባለቀበት ሰሞን፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ያ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ማንም አላወቀም። ቢያንስ ሁለት ሰዎች ቢራው ግሩም መሆኑን ነግረውት ወጥተዋል። መሞቱን ያወቀችው ከወንበሩ ሥር አመድ ልትጠርግ የመጣችው ኬዛያ ናት።

በቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ያለቀሰው ለቢራው ነበር። እኔም አለቀስኩ። በርሜሎቹን ከእንግዲህ ማን ያዛቸዋል? ኬዛያ በሦስተኛው ቀን በሯን ስትከፍት ወንዶቹ ብርጭቋቸውን አንስተው፣ አሽትተው፣ ዓይን ለዓይን ተያይተው ቀመሱ። ቢራው ያው ነበር። እንዲያውም ወንበሩ ተነስቶ ቦታው ስለሰፋ ምድጃው ለሁሉም ይሞቅ ጀመር።

ለእኔ ይሄ ተአምር ነበር። ጋሽ አምብሮዝ ከሰማይ ሆኖ እየሠራ ነው አልኩ። ለወንዶቹ ግን ተአምር አልሆነላቸውም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያመሰግኑት የኖሩት ሰው ምንም ሲሠራ እንዳልነበረ በአንድ ብርጭቆ ተነገራቸው፤ ይሄንን ለሴትየዋ ይቅር ሊሏት አልቻሉም።

ከሁሉ ይበልጥ ያልቻለው የአምብሮዝ ታናሽ ወንድም ሴፕቲመስ ነው። ሴፕ ነበር የሚሉት። በከብት ገበያ ጨረታ ያጫርታል፤ ስለዚህ እራት ላይ ጨው ሲጠይቅ እንኳ ሦስት መንደር ይሰማዋል። ቢጫ ሰደርያ ይለብሳል። የወንድሙ ቤት ነው በሚል ከባንኮኒው ጀርባ እየዞረ የፈለገውን ለራሱ የሚቀዳ ሰው ነበር። ከገና በፊት በነበረው ቅዳሜ አባቴን ልጠራ ሄጄ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ሴፕ ወደ ቧንቧው እጁን ሲዘረጋ ኬዛያ ክንዱን ያዘችው።

«ይበቃሃል ሴፕ። ቀጥ ብለህ መቆም አቅቶህ የለ? ወደ ቤትህ ሂድ።»

«በገዛ ወንድሜ ቤት?»

«ወንድምህ ሞቷል። ቢራው ደግሞ የእኔ ነው።»

ከዚያ አንድ ሰው ከወደ ጥግ ሳቀ። የሳቀው በሴፕ ነበር። ሴፕ እስከ አንገቱ ቀላ፤ ባርኔጣውን አነሳና ወጣ፤ እኔን ረግጦኝ ሊያልፍ ምንም አልቀረውም። እንዲህ ያለ ስድነት ከሠራተኛ! ብዬ በኬዛያ በጣም ተቀየምኩ።

*

ከገና በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ኬዛያ ወደ ከተማ ስለሄደች አባቴ ጋራዥ ውዬ ነበር። ጎማ ውስጥ ተቀምጬ የሥዕል መጽሐፍ እያየሁ ነው። ሴፕ ገባና ከአባቴ ጋር ያወሩ ጀመር፤ ሌሎች ሁለት ገበሬዎችም ነበሩ።

«የመጠጥ መሸጫ ፈቃዱ በአምብሮዝ ስም ነው» አለ ሴፕ። «አምብሮዝ ደግሞ የለም። በሚቀጥለው ወር ዳኞቹ ፊት ትቀርባለች። እኔም አመልክቻለሁ።»

«ለመበለቲቱ ነዋ የሚያዛውሩት» አለ አንዱ ገበሬ። «ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።»

«ለፈቃዱ የማትበቃ ሰው ካልሆነች ነው።»

«ኧረ ምን አድርጋ? ቤቷ እንደ መስታወት ነው።»

አባቴ ከትራክተሩ ሥር ሆኖ፣ «ልጄን ቢራ ታጠጣለቻ!» አለ፤ ሁሉም ሳቁ።

ሴፕ ግን አልሳቀም። «ሲሪል፣ እስቲ ድገመው» አለ።

አባቴ ከሥር ወጣ። «ቀልዴን ነው እኮ። አንተስ ታውቀው የለ፣ ያ እንኳን…»

«ድገመው አልኩህ።»

አባቴ አልደገመውም። ሴፕ ጋራዡን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ የጠበበውን በር። «ትልልቆቹ ትራክተሮች እዚህ አይገቡልህም አይደል?» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ከአንካሳዋ ዝይ ጀርባ ያለው ጋጣ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ባለቤቱ እኔ ብሆን፣ ለአንድ ጥሩ ጎረቤት በነፃ በለቀቅኩት።»

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ያን ያህል ትልልቅ ሰዎች በአንድ ጊዜ አይተውኝ አያውቁም ነበር። ብርታቴ የተወራላቸው መስሎኝ ፈገግ አልኩላቸው።

ፈቃድ የሚለው ቃል ለእኔ የምናውቀው ፈቃድ ነበር፤ እጅ አውጥቶ ከመምህር የሚጠየቀው፣ ሽንት ቤት ለመሄድ። እትዬ ኬዛያ በገዛ ወጥ ቤቷ ለመኖር እጇን አውጥታ መጠየቅ ያለባት መሰለኝ። በዚያ ዘመን ከገባኝ ነገር ሁሉ ለእውነት የቀረበው ይሄ ነው።

*

የችሎቱ ቀን ጠዋት እናቴ ኮቴን ስትቆልፍልኝ አንገቴ ላይ ያለውን ቁልፍ እስኪያንቀኝ ጎተተችው።

«ዝም ብትዪስ?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሲጠይቁሽ አላስታውስም ብትዪስ?»

«አባባ እውነቱን ተናገሪ ብሎኛል።»

«እውነቱን!» አለች እናቴ፤ ድስቱን ምድጃው ላይ ጓ አድርጋ አስቀመጠችው፣ ክዳኑ ወለል ላይ ተንከባለለ። በሚወስደን የሴፕ መኪና ላይ ለእሷ ቦታ ስለሌለ ቀንታ ነው አልኩ። እሷ ግን ኑ ብትባልም አልሄድም ብላ ነበር።

ችሎቱ ከእህል ገበያው በላይ ያለ ሰፊ ክፍል ነበር፤ የአቧራና የእርጥብ ሱፍ ሽታ አለው። ሦስት ዳኞች ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። መካከለኛው ሚስተር ላንግሪክ ናቸው፤ የአካባቢው ባለ መሬት፣ ነጭ ሪዛም። አውቃቸዋለሁ፤ በየክረምቱ ማብቂያ የፈረስ ትርኢት ሲኖር የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው አንካሳዋ ዝይ ደጃፍ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ያርፉ ነበር። የመንደራችን ወንዶች ግድግዳውን ታክከው ተደርድረዋል። ኬዛያ ብቻዋን ነበረች፤ ጥቁር ባርኔጣ አድርጋለች፤ እጅጌዋ ወርዶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ሴፕ ተነስቶ የወንድሙን ስም በእንባ ድምፅ አነሳ፤ ቤቱ የቤተሰብ ነው አለ፤ ከዚያ ስለ አንዲት ሕፃን ተናገረ። ኬዛያ ተጠየቀች።

«ዝንጅብል ነው ጌታዬ» አለች። «በቤቴ የምጠምቀው የማያሰክር የዝንጅብል መጠጥ። ዝንጅብል፣ ሎሚና ስኳር ነው።»

ግድግዳውን የታከኩት ወንዶች ሳል ሳል አደረጋቸው። እኔ ፊቴ ጋለ። ዝንጅብል! በእነዚያ ሁሉ ሰዎች ፊት ሕፃን ልታደርገኝ!

ወደ ፊት አቀረቡኝ። ሚስተር ላንግሪክ ጎንበስ ብለው በደግ ድምፅ፣ «ልጄ፣ አትፍሪ። እትዬ ፒንችቤክ የሰጠችሽ ምናልባት ዝንጅብል ይሆን?» አሉኝ።

«ዝንጅብል የሕፃናት ነው» አልኩ። ድምፄ ክፍሉን ሞላው። «እኔ የምጠጣው ብርቱውን ነው።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ስሄድ ያንገዳግደኛል። አባባም አሽትቶኛል።»

ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ወለሉን ያያል። ወለሉ ላይ ምንም አልነበረም።

«ስትሰጥሽ ምን ትልሽ ነበር?»

«ለብርቱዎች ብቻ ነው ትለኛለች።» አሰብኩና የቀረውንም ጨመርኩ፤ እውነቱን ሁሉ ተናገሪ ተብያለሁና። «ለማንም እንዳትናገሪ ትለኛለች።»

ከዚያ በኋላ ያልሳቀ ሰው አልነበረም ብል ደስ ባለኝ። ማንም አልሳቀም። ከታች ከገበያው የጆንያ መጎተት ይሰማል። ሚስተር ላንግሪክ ብዕራቸውን አንስተው ጻፉ።

«ወይዘሮ ፒንችቤክ፣ ልጅቷን የሚጠይቋት አለ?»

ኬዛያ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ፈራሁ፤ ትቆጣኛለች አልኩ።

«የለም» አለች። «ልጅቷ የተናገረችው እኔ የነገርኳትን ነው።»

አመነች! ብዬ ወደ አባቴ ዞርኩ። ጥፋቷን አመነች! እውነት የመናገርን ኃይል ያን ቀን ያየሁ መሰለኝ፤ ትልቅ ሴት በሁለት ዓረፍተ ነገር ረታሁ። ስንመለስ ሴፕ አንድ ሙሉ ቆርቆሮ ካራሜላ ሰጠኝ። ወንዶቹ ጀግና አሉኝ። እናቴ ካራሜላውን አይታ ወደ ድንቿ ሄደች።

በሁለተኛው ሳምንት ኬዛያ አንድ ሻንጣና አንድ ቅርጫት ይዛ አውቶቡስ ስትጠብቅ አገኘኋት። በሌላ መንገድ ልዞር ስል አየችኝ። ትረግመኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ማቪስ፣ ኮትሽን ቆልፊ» አለችኝ። «ነፋስ ነው።»

*

ስለ «መጨረሻው ደግ አስተናጋጅ» ደግሞ ይኸው። ሴፕ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ስሙን በወርቃማ ቀለም ማጻፍ ነው፤ ከወንድሙ ስም በእጥፍ የሚበልጥ ፊደል። ሁለተኛው፣ ሳንቲም የሚበላ የሙዚቃ ሣጥን ማስገባት። ምድር ቤት ወርዶ እንደሆነ ግን እጠራጠራለሁ። ቢራው በፋሲካ ደፈረሰ። በበጋ ኮመጠጠ። ወንዶቹ ለጥቂት ወራት የወንድነት ግዴታ ይመስል ፊታቸውን አኮማትረው ጠጡት፤ ከዚያ አንድ በአንድ፣ አንዱ ሌላውን እንዳያየው፣ በብስክሌት ወደ ጎረቤት መንደር መጠጥ ቤት መሄድ ጀመሩ። እዚያ ሁሉም ተገናኙ። ከእነሱ አንዱ እንኳ ስለ ኬዛያ ያነሳ አልነበረም። «ዘመኑ ተለወጠ» ነው ያሉት። «የመንደር ሕይወት ሞተ።» ራሳቸው አንቀው የገደሉትን ነገር ዘመን ገደለው አሉ።

ሴፕ በሰባተኛው ዓመት ቤቱን ጥሎ ሄደ። ጣሪያው ተደረመሰ። ልጆች መስኮቱን በድንጋይ ጨረሱት፤ መጨረሻ ላይ ማሽን መጥቶ በአንድ ጠዋት አፈረሰው። አባቴም ጋጣውን አጣ፤ ወደሚያፈሰው ጣሪያው ተመለሰ።

እኔ እውነቱን ያወቅኩት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ለሽርሽር ወስደውን፣ የቄሱ ሚስት ከሣጥን ጠርሙስ እያወጣች ታድለናለች። ጠርሙሱ ላይ ዝንጅብል የሚል ተጽፏል፤ የዝንጅብል ሥዕልም አለበት። አንድ ጉንጭ ጠጣሁ። አረፋው አፍንጫዬ ድረስ ወጣ፤ ጉሮሮዬን አቃጠለኝ፤ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ሞቀ። ከጎኔ የአምስት ዓመት ሕፃን ያንኑ እየጠጣች ታገሳለች። አልተንገዳገደችም።

ለማንም አልተናገርኩም። ሰባት ዓመት አፌን ዘግቼ ኖርኩ። በመጨረሻ መምህራን ማሠልጠኛ ስገባ፣ ድፍረት ሳይሆን መንደሩን መልቀቅ አንደበቴን ፈታውና አድራሻዋን አፈላልጌ ባሕር ዳርቻ ወዳለችው ወደ ሜብልቶርፕ ሄድኩ። ኬዛያ የእህቷ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ወጥ ትሠራ ነበር። እጅጌዋ ተጠቅልሏል። አላቀፈችኝም፤ አላባረረችኝምም። ቢላዋ ሰጠችኝ።

«ሃያ ሁለት እንግዳ አለኝ፤ ካሮቱን እየላጥሽ አውሪ።»

ነገርኳት። እያለቀስኩ፣ አፍንጫዬን በእጄ ጀርባ እየጠረግሁ፣ ቤቷን ያፈረስኩት እኔ መሆኔን፣ እንቅልፍ እንዳጣሁ፣ ሁሉንም። እስክጨርስ ድረስ ሊጡን መዳመጥ አላቆመችም።

«ጨረስሽ?» አለችኝ። «ጥሩ። አሁን በራስሽ ላይ ይሄን ያህል አትቆልዪ፤ ያን ያህል ትልቅ ሰው አልነበርሽም። ገና ስገባ ግድግዳውን የታከኩትን ሰዎች አየሁ፤ ጉዳዩ አልቆ ነበር። አንቺ ወረቀቱ ላይ የምታርፍ ማኅተም ነበርሽ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም? ትንሽ ብትጠይቂኝ እኮ…»

«ጠይቄሽ ምን ላደርግ? በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ውሸታም ወይ ሞኝ ላደርግሽ? ከዚያም ቤቱን ለሴፕ ይሰጡታል፤ አንቺ ደግሞ ዕድሜሽን ሙሉ የመንደሩ መሳቂያ ትሆኛለሽ።» ሊጡን ገለበጠችው። «እኔም ባልቀልድብሽ ይሻለኝ ነበር። ቀልድ ከማን ፊት እንደሚቀለድ አላወቅኩም።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየችኝ። «ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር ማቪስ። አባትሽ አርባ አንድ ነበር። ለይቅርታው የተሳሳተ ሰው ነው የመጣልኝ።»

*

በሚቀጥለው እሑድ እቤት ሄድኩ። አባቴ ምሳ እየበላ ነው፤ እናቴ ከጎኑ ተቀምጣለች። ኮቴን ሳላወልቅ ቆምኩ።

«አባባ፣ ዝንጅብል እንደነበር ታውቅ ነበር?»

ሥጋውን ቆረጠ። «ማንን አግኝተሽ መጣሽ?»

«ታውቅ ነበር ወይ?»

«አፍሽን አሽትቼው የለ» አለ። ጎረሰ፤ አላመጠ፤ ዋጠ። እያየሁት እንዳለሁ ሲያውቅ ድምፁን አለዘበ፤ ልጅ ሆኜ ስወድቅ ጉልበቴን የሚያሽልኝ ድምፅ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ ይሄንን ይዘሽ ነው የምትብሰለሰዪው? ተዪው በቃ። ሁሉም እኮ ያውቅ ነበር። ሴፕ ያውቅ ነበር። ላንግሪክም ያውቅ ነበር፤ የገዛ የልጅ ልጆቹ ይጠጡት የለም እንዴ? በዚያ ክፍል ውስጥ የማታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

ይህን ያለኝ ሊያጽናናኝ ነው። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎት ጨው እንዳቀብለው እጁን ዘረጋ። እኔ ሳልንቀሳቀስ እናቴ ተነሳች፤ ጨውን ከፊቱ አነሳችው፤ ወደ ጓዳ ይዛው ገባችና በሩን ከውስጥ ዘጋችው።